ጥቁሩ መስኮት ብራና የመሰለበት ዜና

በዘመነ ማርቆስ፣ በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ፍቅረ ሥላሴ በመዝገብ ወንበር በተሰየሙ በዘጠነኛው ዓመት፣ በወርኃ ግንቦት፣ በደብረ ማርቆስ ከተማ የሆነው ይህ ነው።

እኒህ ፍቅረ ሥላሴ በደብረ ወርቅ ቅኔ የተቀኙ፣ ብራና ፍቀው ቀለም በጥብጠው ዳዊት የጻፉ፣ ኋላም በአንድ የመሬት መዝገብ ጽሕፈት ቤት ገብተው የገበሬውን ስም ከኮምፒውተር የሚያወጡ፣ ትዕግሥታቸው የሰፋ፣ መነጽራቸው የወፈረ ሰው ነበሩ። ስሙም የሚወጣው ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ነበር፤ መደቡ ከሰል፣ ፊደሉ ዐመድ። ዕድሜያቸው ኀምሳ አምስት ሲሞላ ፊደሉ እንደ ጉንዳን ይተራመስባቸው ጀመር፤ ከዕለታትም ባንዱ የሉማሜዋን ባልቴት የወለተ ኪዳንን የመሬት ደብተር ለደጀኗ ለወለተ ኪሮስ ሰጥተው ሰደዱ።

ሹሙ አቶ እንዳላማውም ተቆጥተው፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ቆመው «ኪዳንን ከኪሮስ የማይለይ ሰው ከሰኞ ጀምሮ መጋዘን ይጠብቅ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ሲሉ ዐወጁ።

ፍቅረ ሥላሴ ይህን ለሚስታቸው ለወለላ አልነገሩም፤ እራት ቀርቦላቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ጎረሱ። ዐርብ ጧት ግን ባልቴቲቱ ደብተሯን ልትጠይቅ መጥታ በራፉ ላይ በተቀመጠች ጊዜ፣ ኮታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው በጥቁሩ መስኮት ላይ ዘመቱ። የተከተሏቸውም ጸሓፊዋ ሽታዬ ከነሻይ ብርጭቆዋ፣ ማኅተም ያዡ ገዳሙ ከነማኅተሙ፣ ጥበቃው አምሳሉ ከነዱላው፣ ደግሞም መብራት ሳይጠፋ ጉዳዬን ጨርሱልኝ የሚል አንድ ባለጉዳይ ነበሩ።

በመስኮቱ አናት ላይ የማውሱን ቀኝ ጆሮ ተጭነው፣ ከወረደው ዝርዝር የመጨረሻውን መርጠው ወደ ቀለሙ ገጽ በገቡ ጊዜ ዐሥራ ስድስት የቀለም ሳጥኖች ተሰልፈው አገኙ፤ አንዱም ብራና አልመሰለም። ስለዚህ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን በቁጥር እየጨመሩ እየቀነሱ፣ በወጣትነታቸው ቀለም እንደ በጠበጡ በጥብጠው፣ የፍየል ቆዳ የመሰለ ወይባ አወጡ። ነገር ግን ያንኑ ወይባ ለመደቡም ለፊደሉም ሰጡት፤ ጽሕፈቱም ሁሉ በቅጽበት ተሰወረ።

ታላቅ ድንጋጤ ሆነ። ሽታዬ «ያገሩ መሬት ጠፋ» ብላ ዐወጀች፤ ገዳሙ ማኅተሙን ኪሱ ከተተ፤ አቶ እንዳላማው እየሮጡ ወጥተው «ማንም እንዳይወጣ፣ ማንም እንዳይገባ» አሉ፤ ባለጉዳዩ ግን ወጣ። ፍቅረ ሥላሴ ግን መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው፣ «መዝገቡ አለ፤ የጠፋው ቀለሙ ነው» ሲሉ ዐወጁ። ተመልሰውም ገብተው ለፊደሉ ጥቁር ሰጡት።

ያን ጊዜ ስሙ ሁሉ ተገለጠ። እርሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ምንባብ እንደሚያነብ ዲያቆን «ወለተ ኪዳን ዘሉማሜ» ብለው ጠሩ፤ ባልቴቲቱም ከደጅ «አቤት» አለች። ደብተሯም ዳግመኛ ታትሞ ተሰጣት፤ የሉማሜ መኪናም ሳያመልጣት ሄደች።

አቶ እንዳላማው ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ፤ እርሳቸውም ሦስት ዓመት ሙሉ ሳያነቡ ይፈርሙ ነበርና። ጉሮሯቸውንም ጠርገው «የመጋዘኑ ነገር ቀርቷል፤ የእኔም መስኮት እንደዚሁ ይቀባ፤ ስለ ምን ተብሎ ግን አይጠየቅ» ሲሉ የመጨረሻውን አዋጅ አወጡ።

እንግዲህ ከሰሉን ወይባ ያደረጉ፣ የተሰወረውን መሬት ከነድንበሩ የመለሱ፣ ኪዳንን ከኪሮስ የለዩ ፍቅረ ሥላሴ ይመስገኑ፤ ከእርሳቸው በፊት ብዙዎች በዚያ ጨለማ ፊት ተቀምጠው፣ የሚያነቡ መስለው ጡረታ ወጥተዋልና፣ ጨለማውንም በእጁ የነካ አንድ እንኳ አልነበረምና።