ለትንሿ ሲስተማችን ኤዲተር ለመምረጥ የተቀመጥንበት ቅዳሜ

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9፡00 ሰዓት
ቦታ፦ የእማማ ሳሎን፣ የምግብ ጠረጴዛው

የተገኙ፦
1. ሰብሳቢ፣ የእማማ የበኩር ልጅ
2. ታናሽ እህታቸው (ከሰብሳቢው ጋር ከተኮራረፉ ወር አልፏቸዋል)
3. መምህሩ፣ ሰኞ ተማሪዎቻቸውን በዚህችው ሲስተም የሚፈትኑ
4. ጸሐፊ፣ ጎረቤት፤ የተመረጠው ከሁለቱም ጋር የሚነጋገረው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው

እማማ አባል ባይሆኑም ጠረጴዛው የሳቸው ስለሆነ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል ተባለ።

አጀንዳ 1፦ የቦታ ጥበት

ሰብሳቢው፣ ከእህታቸው ጋር ለአሮጌ ኮምፒውተሮች የሠሯት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ትንሽ በመሆኗ ከአንድ በላይ ኤዲተር፣ ማለትም የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም፣ መያዝ እንደማትችል አስረዱ። የቀረቡት ሁለት ናቸው፤ አንዱ የሳቸው፣ አንዱ የእህታቸው። እህት፣ «ለሰብሳቢው ንገርልኝ» በማለት፣ የሰብሳቢው ኤዲተር እንደ ባለቤቱ ግትር መሆኑን በጸሐፊው በኩል ገለጹ። ሰብሳቢውም በዚያው መንገድ፣ የእህታቸው ኤዲተር ቀለም በቀለም ቢሆንም አንድ መስመር እስኪጽፍ ሰው እንደሚያሸልብ መለሱ። ሁለቱ የተቀመጡት ክርን ለክርን መሆኑ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ጸሐፊው ጠየቀ፤ ተያዘ። መምህሩ እጃቸውን አወጡ፤ ተራዎ አልደረሰም ተባሉ።

አጀንዳ 2፦ መጋራት

እስከ ምሳ የወንድም፣ ከምሳ በኋላ የእህት ኤዲተር እንዲሠራ ሐሳብ ቀረበ። ተማሪው ዓረፍተ ነገር ጀምሮ ምሳ ቢደርስበትስ የሚል ጥያቄ ከጸሐፊው ተነሣ። «ቀደም ብሎ ይጨርሳላ!» ተባለ። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ስምምነት እስኪገኝ ሁለቱም ኤዲተሮች ከሲስተሟ እንዲወጡ ተወሰነ። እልህ የያዛቸው እህት ሁለቱንም እዚያው አጠፉ። ሰብሳቢውም ላለመበለጥ ሲሉ የሁለቱንም መጠባበቂያ ቅጂ አጠፉ። መምህሩ አሁንም እጃቸውን አወጡ።

አጀንዳ 3፦ ያልታሰበ

ኤዲተር መልሶ ለመሥራት መጻፍ እንደሚያስፈልግ፣ ለመጻፍም ኤዲተር እንደሚያስፈልግ ተደረሰበት። በዚህ ቤት በሌላ ሰው ሲስተም መሥራት ነውር ስለሆነ ሌላ ኮምፒውተር አልተገኘም። ሁሉም ደነገጠ። ጸሐፊውም ደንግጧል። የሚናገር ሰው በመጥፋቱ ዕድሉ ለመምህሩ ተሰጠ።

መምህሩ ባለፈው ዓመት የተሰጣቸውን የሲስተሟን ቅጂ የያዘ ፍላሽ ከኪሳቸው አወጡ። ሲከፈት በውስጡ የተገኘው ወንድምና እህት ሳይኮራረፉ አብረው የሠሩት የመጀመሪያው ኤዲተር ነው። ተማሪዎቻቸው ዓመቱን ሙሉ የጻፉት በዚሁ መሆኑን፣ ብቸኛ ችግሩ ሲዘጋ የመጨረሻዋን መስመር መዋጡ እንደሆነ፣ የመጡትም ከፈተናው በፊት ይቺን እንዲያስተካክሉላቸው ለመለመን ብቻ እንደነበር ተናገሩ። «ልጆቹ የመጨረሻውን መልስ እየጻፉ እየጠፋባቸው ነው፤ አንጀቴን በሉት» አሉ።

ውሳኔ፦ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል።

እህት ለሰብሳቢው፣ በጸሐፊው በኩል ሳይሆን በቀጥታ፣ «እስቲ ተጠጋ፣ አንተ አንብብልኝ፣ እኔ ልጻፍ» አሏቸው። ተጠጉ። ጸሐፊው ሥራ በመፍታቱ ደስ ብሎታል።

እማማ ጠረጴዛውን ለእራት ስለፈለጉት ስብሰባው 12፡30 ላይ ተበተነ። ሁለቱ ግን ከኪቦርዱ አልተነሡም። እማማም ሳህኖቹን እንደያዙ ቆመው ጠበቋቸው።