የጳጉሜ ባር

[ጂማ፣ መርካቶ። የጳጉሜ የመጨረሻ ቀን። ጃንጥላ ከወለል እስከ ጣሪያ የተሰቀለበት ጠባብ ሱቅ። ባለቤቷ መድና በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ፕሮግራሚንግ መማር የጀመረው የወንድሟ ልጅ ፋሂም ላፕቶፑን ጭኑ ላይ ዘርግቷል።]

መድና፦ ባር ነው ያልከው? በእኔ ሱቅ?

ፋሂም፦ አዎ አክስቴ። አሥራ ሦስት ባር ሠራሁ።

መድና፦ አስተግፊሩላህ! መርካቶ ሁሉ ቢሰክር እንኳ አሥራ ሦስት ምን ያደርግለታል?

ፋሂም፦ የመጠጥ አይደለም፣ ስዕል ነው። ለየወሩ አንድ ምሰሶ። ምሰሶው ከረዘመ ብዙ ጃንጥላ ተሸጧል ማለት ነው።

መድና፦ ታዲያ ምሰሶ አትለውም?

ፋሂም፦ ኮምፒውተሩ ነው ባር የሚለው።

መድና፦ የማን ልጅ ነው እሱ?

ፋሂም፦ [እንዳልሰማ ሆኖ] በሦስት መስመር ኮድ ነው የሠራሁት። ወሮቹ ኤክስ ላይ ናቸው። ሽያጩ ዋይ ላይ ነው።

መድና፦ [ሻሿን እየሳበች] ዋይ? ማን ሞተ?

ፋሂም፦ ማንም! ዋይ የመስመሩ ስም ነው። ሞተ ከተባለ የሞተው ሱቁ ነው።

መድና፦ ኢና ሊላሂ። መቼ?

ፋሂም፦ ይኸው፣ ይመልከቱ። ሰኔ ረጅም። ሐምሌ ከሱ ይረዝማል። ነሐሴ ከሁሉም። ከዚያ ጳጉሜ... [ጣቱን ቁልቁል ይስባል] ገደል።

መድና፦ ይቺ ናት? እኔኮ አቧራ መስላኝ ልጠርግልህ ነበር።

ፋሂም፦ ሰው ጃንጥላ መግዛት አቁሟል፣ አክስቴ። አከራያችን ጋሽ ወልደሰማያት ደግሞ የኪራይ ውሉን ታድሳላችሁ ወይስ ትለቃላችሁ እያሉ ነው፤ መልሱን ዛሬ ነው የሚፈልጉት። ዳታው ልቀቁ ይላል።

መድና፦ ማሎ፣ እባክህ ፋሂም! ይህን ሱቅ ባሌ ሙርሺድ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሲከራየው ጣሪያው ያፈስ ነበር። አንዱን ጃንጥላ ዘርግተን፣ ከሥሩ ቆመን ነበር ሌላውን የምንሸጠው።

ፋሂም፦ ትዝታ ዳታ አይደለም።

መድና፦ እሺ። እኔ መቼም አይገባኝም። ሐምሌ ስንት ቀን ነው?

ፋሂም፦ ሠላሳ።

መድና፦ ነሐሴስ?

ፋሂም፦ ሠላሳ። እንዲህ ያለ ጥያቄ...

መድና፦ ጳጉሜስ?

ፋሂም፦ ሠላ... [ላፕቶፑን ቀስ ብሎ ይከድነዋል።]

መድና፦ ዘንድሮ ስድስት ናት እንዴ?

ፋሂም፦ አምስት።

መድና፦ ማሻአላህ፣ ሒሳብ ትችላለህ።

ፋሂም፦ አክስቴ... ጠዋት ለጋሽ ወልደሰማያት ደውዬ ነበር። እንለቃለን ብያቸዋለሁ።

መድና፦ ምክንያቱንስ ነገርካቸው?

ፋሂም፦ በጳጉሜ ገበያው ሞተ አልኳቸው። «እሺ ልጄ» ብለው ዘጉት።

መድና፦ አውቃለሁ። ወዲያው ለእኔ ደወሉ።

ፋሂም፦ [ብድግ ብሎ] ሱቁን ለሌላ ሰጡት?

መድና፦ ኧረ ውሉን አድሰን ጨረስን። የጨነቃቸው ሌላ ነው። «ልጁ አሞታል እንዴ?» አሉኝ።

ፋሂም፦ እርስዎስ ምን አሉ?

መድና፦ [አንድ ጃንጥላ ከፍታ ዘንጎቹን እያየች] የጳጉሜ ነው፣ ለመስከረም ይለቀዋል አልኳቸው።