የማንጎ ልጣጭና የጎረቤት አፍንጫ

ጂቡቲ ላይ ፍራፍሬ የሚሸጥ ሰው ሁለት ባላንጣ አለው፤ ፀሐይና ሻጋታ። ፀሐይን እንኳ በሸራ ትከልሉታላችሁ። ሻጋታን በምን? ማታ ደህና እደር ብላችሁት የተለያችሁት ማንጎ ጠዋት ጢም አብቅሎ ይጠብቃችኋል። እኔም በባቡሩ ዘመን ከድሬዳዋ ከመጣው አባቴ በወረስኳት የካርቲየ 3 ሰፈር ሱቅ ዕድሜዬን የፈጀሁት የበሰበሰ ስጥል ነው።

እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ያስገባኋት ልጄ ሜሮን ሻጋታ ላርባ ብላ ስትነሳ ምን እንደተሰማኝ ገምቱ። ልጣጩንና የፈረሰውን ማንጎ ጠርሙስ ውስጥ ከትታ፣ ሻጋታ ዘርታበት፣ እንደ አራስ ትጠብቀው ጀመር።

«አባዬ፣ ሻጋታው ኢንዛይም ያመነጫል። ኢንዛይሙ ልጣጩን ሰባብሮ ስኳር ያደርገዋል። ስኳሩን ደግሞ እርሾ ሲበላው ነዳጅ ይሆናል» አለችኝ።

ነዳጅ የምትለው አልኮል ነው። የመመረቂያ ሥራዋ ነውና ዝም አልኩ። ዝም ያላለው የጎረቤት አፍንጫ ነው።

ወይዘሮ ሐዋ ግድግዳ የምንጋራቸው ሶማሌ ናቸው፤ ሚስቴ ስትሞት ሜሮንን ከልጆቻቸው ጋር እያጎረሱ ያሳደጉ፣ ሶላት የማያዛንፉ ሴት። ሜሮን ፈሳሹን አፍልታ እንፋሎቱን በቱቦ ማጠራቀም የጀመረች ዕለት ሽታው አጥር ዘለለ። ሴትዮዋ በራችን ላይ ቆመው አልገባም አሉ።

«እኔ ያጎረስኳት ልጅ አረቄ ታወጣለች? ካወጣች ከዛሬ ወዲያ ይህን ደጃፍ አልረግጥም!»

አይደለም እንዳልል ሽታው ምስክር ነው። ነው ብል ደግሞ ልጄን ሁለተኛ እናት ላሳጣት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው እንዲህ አፍ ሲደርቅ ይገባችኋል።

ሜሮን ጥቂት ፈሳሽ በቆርቆሮ ክዳን ይዛ ወጣች። ደጃፉ ላይ ጥላ ሥር አስቀምጣ ክብሪት ጫረችበት። ሰማያዊ ነበልባል ተነሣ።

«እማ ሐዋ፣ ይህ ለሞተር እንጂ ለጉሮሮ አይደለም። እኔ እርስዎን ላሳፍር?» አለቻቸው።

ወይዘሮ ሐዋ ሻሻቸውን ሰብስበው አጎነበሱ። እሳቱ እስኪጠፋ አዩት።

«ይህ ሁሉ ከቆሻሻ?»

«ከእርስዎም ጓዳ ከሚጣለው።»

«ሱብሓነላህ!» አሉና ቤታችን ገቡ። እኔም ተነፈስኩ።

በማግስቱ አንድ ሳፋ የፓፓያ ልጣጭ ላኩልን። ወሬው ሲዳረስ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ልጣጩን ይዞ ወደ ሱቄ ጎረፈ። ሜሮን ሥራዋ ተወዶላት ተመረቀች፤ ሆዳን የሚባል ሰፈር ሄዳም ሥራ ያዘች። ልጣጩ ግን ዛሬም ይመጣል። ደንበኛ ደጃፌ ላይ የተከመረውን እያየ አፍንጫውን ይዞ ይመለሳል።

አንድ ቀን እንደምንም ደፍሬ፣ «ወይዘሮ ሐዋ፣ ልጅቷ እኮ ተመርቃለች» አልኳቸው።

«የኔዎቹ ልጆች ከመብላት መቼ ተመረቁ?» አሉና ሳፋውን አስረክበውኝ ሄዱ።