ቤዝቦል በአያ ካሳ ዳኝነት

ቤዝቦል ታውቃላችሁ? እኔ አውቃለሁ። ያውም እዚሁ ወረታ መስክሬበታለሁ!

በጃንሆይ ጊዜ ነው። እኔ አማርኛ ሳስተምር ሮይ የሚባል አሜሪካዊ ወጣት እንግሊዝኛ ሊያስተምር መጣ። ሻንጣው ውስጥ ከልብሱ የቤዝቦል ኳሱ ይበዛል። አባቱ ሜዳ እየወሰደ እንዳስተማረው፣ እሱም ተማሪዎቻችንን አስተምሮ አንድ ጨዋታ ሲያልቅ ሳያይ አገሩ መግባት አልፈለገም። ሌላ ምኞት አልነበረውም። ምን አላት ይህች?

በዱላ መምታቱንስ ማን ያስተምረናል? በገና ሩር ስንለጋ ያደግን ነን። ጭድ የሞሉ ጆንያዎች አስቀመጥን። መቺው ለግቶ ወደ ጆንያው ይሮጣል፤ ያዦቹ የወረወሩት ኳስ ከቀደመው ከጨዋታ ይወጣል። በቃ።

ችግሩ ዳኛው ነበር። ከይፋግ እስከ ወንዛዬ የተጣላውን ሁሉ የሚያስታርቁትን አያ ካሳን ዳኛ አደረግናቸዋ! ሯጩንም ያዡንም አቁመው ይጠይቃሉ። ምስክር ይቆጠራል። ከገበያ የሚመለስ ነጋዴ ሳይቀር ተጠርቶ ይምላል። በዚህ መሃል ይመሻል። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ጨዋታ አላለቀም። ሮይ ፀጉሩን ይነጫል፤ እኔ አስተረጉማለሁ፤ ያለውን ሁሉ ግን አይደለም።

ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ክረምቱ ገብቶ ሜዳው ውኃ ሳይተኛበት፣ የመጨረሻውን ሞከርን። ተማሪዎቹ ለሱ ሲሉ ላይከራከሩ ተማምለዋል። እውነትም ያለ ሙግት እስከ መጨረሻው መቺ ደረስን። መቺው ራሱ ሮይ ነው፤ እሱ ከወጣ ጨዋታው አለቀ። ለጋ፣ ሮጠ፣ በጭቃ ተንሸራቶ ጆንያው ላይ ተዘረጋ።

«ኳሱ ቀድሞታል!» አሉ ያዦቹ።

ሮይ ምኞቱን ረስቶ ብድግ አለ። «አያ ካሳ፣ ምስክር አለኝ!» አለ፣ በአማርኛ። ሜዳው በሳቅ አውካካ። ምስክሩ እኔ ነበርኩ። ምዬ፣ «ሮይ ቀድሟል» አልኩ።

አያ ካሳ ለታኅሣሥ ቀጠሩት።

«ከነገ ወዲያ እኮ ሂያጅ ነኝ!» አለ ሮይ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ።

«አውቃለሁ ልጄ። ፈርጄ ብለቅህ በምን ትመለሳለህ? ቀጠሮ ያለበት ሰው አይቀርም እንጅ።»

ይህን አንድም ሳላስቀር አስተረጎምኩለት። ሮይ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

ታኅሣሥ መጣ፤ ሮይ አልመጣም። በዓመቱም አልመጣም። ያዦቹ በሌለበት ይፈረድበት ቢሉ፣ አያ ካሳ እስኪሞቱ ድረስ እምቢ አሉ።

እንግዲህ ልናዘዝ። ኳሱ ቀድሞት ነበር፤ በዓይኔ አይቻለሁ። እውነቱን ብናገር ኖሮ ሮይ ወጥቶ፣ ያቺ የተመኛት ጨዋታ ታልቅለት ነበር። ይህ ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ዛሬም ብጠራ ግን የምመሰክረው ያንኑ ነው።