ሲንሲናቲ በሹክሹክታ

ሰው የሩቅ ከተማ ስም አሳምሮ ሲጠራ ደስ አይለኝም። አትፍረዱብኝ። እዚሁ ቅርባችን ያሉትን ቱላን፣ ቡሹሎን፣ ሻሸመኔን ማንም እንደፈለገ ይጥራ። የአሜሪካን ከተማ እንደ ባለቤቶቹ፣ ምላሱን አጥፎ የሚጠራ ሰው ካየሁ ግን ዓይኔ አፉ ላይ ይቀራል። ከየት ለመደው? ማን አስተማረው? ደግሞስ ለምን እኔ ፊት?

ይህ አመል የያዘኝ በደርግ ጊዜ ነው፣ እዚሁ አዋሳ። ያኔ «አሜሪካ» የሚለው ስም በራዲዮ ብቻውን አይወጣም ነበር። ሁልጊዜ ከፊቱ «ኢምፔሪያሊስት» የሚል ዘበኛ ይቀድመዋል። እኔ አናጢ ነኝ። ትምህርቴ የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬት ነው። እንግሊዝኛዬም መጋዜ ላይ ያለው «ሜድ ኢን ኢንግላንድ» ነው፤ እሱንም ያነበበልኝ ሌላ ሰው ነው።

የጸሎት ቤታችን ታሽጎ ስለነበር ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ መናኸሪያ ጀርባ ባለው ቤቴ፣ ዘጠኝ ሆነን በሹክሹክታ እንጸልይ ነበር። ባለቤቴ አማረች ደግሞ ግቢው ውስጥ በርበሬ ትወቅጣለች፤ የሙቀጫው ድምፅ የእኛን እንዲሸፍን። ዘዴው ጥሩ ነበር፤ ግን በርበሬው በመስኮት ይገባል። እንባችን ከመንፈስ ይሁን ከበርበሬ ለይቶ የሚያውቅ ጌታ ብቻ ነበር። ጎረቤቶቻችንማ ይህ ቤተሰብ ይህን ሁሉ በርበሬ የት ያደርሰዋል እያሉ ይገረሙ ነበር።

ልማዳችን እንዲህ ነው። ሰው የጸሎት ርዕሱን ይናገራል። መሪው ሁሉም እንዲሰማ ይደግመዋል። ከዚያ አብረን እንጸልያለን። መሪው እኔ ነበርኩ። ስለተማርኩ አይደለም፤ ቤቱ የኔ ስለሆነ ነው።

አንድ ረቡዕ እህት ብርቄ አዲስ ሰው ይዛ መጣች። እሷ መንግሥት መሥሪያ ቤት ተላላኪ ናት። አቶ ታምሩ ይባላሉ አለችን፤ ከአዲስ አበባ ተዛውረው የመጡ የመሥሪያ ቤቷ ጸሐፊ። ከረባት አስረዋል። በርበሬው ሲያስነጥሳቸው እንኳ መሐረብ አውጥተው፣ ከፍተው፣ ከዚያ ነው የሚያስነጥሱት። ተራቸው ሲደርስ ልጄ ኦፕራሲዮን ልትሆን ነው፣ ጸልዩልኝ አሉ። የት ነው ያለችው? አልኩ፤ ለርዕሱ። በሩን አየት አደረጉ። ቀጥለው «ሲንሲናቲ» አሉ። አሜሪካ።

አባባላቸውን ብትሰሙት! ግማሹን በአፍንጫቸው፣ ግማሹን በጥርሳቸው። የሚሰማው ሙቀጫው ብቻ ነው። መሪ ደግሞ መድገም አለበት። «ሲሲናት» አልኩ። አቶ ታምሩ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው አረሙኝ። ደገምኩ። አሁንም አረሙኝ። በሦስተኛው «አንተ የምታውቃት ከተማ» ብዬ ለጌታ አስረከብኩት።

ሰዎቹ እንደወጡ ለአማረች ይህን ሰው አልወደድኩትም አልኳት። ሌላው አሜሪካ ዘመድ ያለው እንደሆነ ይደብቃል፤ እሳቸው ጭራሽ አጠራር ያርማሉ። ነገ ቀበሌ ሄደው በአናጢው ቤት የአሜሪካ ከተማ ስም ሲጠራ ሰማሁ ቢሉስ? ዘጠኝ ሰው ማለት ዘጠኝ ቤተሰብ ነው። አማረች ሙቀጫውን እየጠረገች፣ መጀመሪያ የጠሩት እሳቸው አይደሉም እንዴ? አለችኝ። ተንኮሉ እኮ እዚያ ላይ ነው አልኳት።

በሚቀጥለው ረቡዕ ልከታተላቸው ቆረጥኩ። ሰላይ ሲጸለይ ዓይኑን አይጨፍንም ብዬ። ግን የሳቸውን ለማየት የኔን መግለጥ ነበረብኝ። ገለጥ ሳደርግ ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ሁለታችንም ቶሎ ጨፈንን። ጸሎቱ ሲያልቅ፣ ሆስፒታሉስ ማን ይባላል? አልኳቸው፤ ረሳሁት አሉ። ሰፈሩስ? አላውቀውም። ልጁ የታመመችበት አባት ሆስፒታሏን ይረሳል?

ያም ሆኖ ልጅቷ በእውነት ታማ ቢሆንስ እያልኩ እጨነቅ ነበር። ስሙን አበላሽቼ ጸሎቱን ሌላ አገር ብልከውስ? ስለዚህ እንጨት ስልግ እለማመዳለሁ። መላጊያውን ስገፋ «ሲንሲ»፣ ስስብ «ናቲ»። ሰው ብቅ ሲል መዝሙር አስመስለዋለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ፍርሃቴ አሸነፈኝ። ስምንቱን ሰዎች አንድ በአንድ ዞሬ፣ ጸሎቱ ወደ ዓርብ ዞሯል፣ ለአቶ ታምሩ እንዳትነግሩ አልኳቸው። ረቡዕ ዕለት ሰውየው በሰዓታቸው መጡ። ሙቀጫ የለም፤ ሰው የለም። ሁሉም አሟቸዋል አልኩ። ስምንት ሰው በአንድ ቀን? አላሉም። ገብተው ተንበረከኩ። ለስምንቱም በየስማቸው ምሕረት ለመኑ። እኔ ለፈጠርኩት በሽታ እንዲህ ሲጸለይ መስማት ከዱላ ይከፋል። ሲጨርሱ ቀና ብለው፣ ልጃቸው በሰላም ከኦፕራሲዮን መውጣቷን ትናንት እንደሰሙ፣ የመጡትም ለምስጋና እንደሆነ ነገሩኝ።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። የታመመ ሰው የለም፣ ሰላይ መስለውኝ ነው አልኩ።

አልተቆጡም። መሐረባቸውን አጠፉ። «እኔም እርስዎን ነበር የጠረጠርኩት። የት ነች፣ የቱ ሆስፒታል፣ የቱ ሰፈር የሚል የጸሎት መሪ አይቼ አላውቅም። ልጄ አሜሪካ ሄዳ በዚያው መቅረቷ ቢታወቅ እኮ ከሥራ መባረር ብቻ አይደለም የሚጠብቀኝ። ባለቤቴ አትሂድ ብላኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን መጡ?»

«ልጄ ታማብኝ ወዴት ልሂድ?» አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ደግሞ ሲንሲናቲ አይደለችም። ፈርቼ የሌላ ከተማ ስም ነው የሰጠኋችሁ» አሉ።

አስቡት! ያ ሁሉ ሳምንት፣ ያ ሁሉ በርበሬ፣ ልጅቷ በሌለችበት ከተማ ላይ ነው ያለቀስነው። ታዲያ ውሸት ከሆነ ለምን ያርሙኝ ነበር? አልኳቸው። መዋሸቴ አንሶ ስሙንም ላበላሽ? አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሰው መጠርጠር ተውኩ ብላችሁ ደስ ባለኝ። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ያዝኳቸው። አሁንማ ወንድማማች ሆነናል፤ እውነተኛዋ ከተማ ማን ናት? አልኩ።

አቶ ታምሩ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ግራና ቀኙንም አዩ።

«ለጸሎት ነው?»

«ለጸሎት ነው።»

«እንግዲያው ሲንሲናቲ ይበቃል» አሉኝ።