ቪዛ ሽማግሌ ላከ

ትርንጎ ይህን ሕልም ያየችው ትናንት ነው፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ባሏ በሚኖርበት አገር ኤምባሲ ግቢ ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ተራ ስትጠብቅ። ከደብረ ታቦር ባመጣት አውቶቡስ ውስጥ ዓይኗን አልከደነችም ነበር። አጠገቧ ለተቀመጡት ለእትዬ ዘነበች፣ «ቢያሸልበኝ ይቀስቅሱኝ፣ አደራ» አለቻቸውና ዶሴዋን እንዳቀፈች እንቅልፍ ወሰዳት።

የዕለቱ ጉዳይ ቀላል አልነበረም። ትርንጎና ገረመው ከተጋቡ ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። እሱ እዚያ አውቶቡስ ይነዳል። እሷ እዚህ በሆስፒታል ላቦራቶሪ የሰው ደም በማይክሮስኮፕ ታያለች፤ ሁለት ጊዜ ሳታይ ውጤት አትጽፍም። ለቪዛ ማመልከቻው የሚሆነውን የሠርግ ፎቶ የመረጡት ግን እናቷ ነበሩ። «ይቺን ላኪ፣ እዚህች ላይ ጨዋ ትመስያለሽ» እያሉ፣ ከቤት ስትወጣ ያለቀሰችባቸውን ብቻ ለቀሙ። በአገሯ ሙሽራ ከአባቷ ደጅ እየሳቀች አትወጣም። ኤምባሲው ግን ሙሽራዋ ተገድዳ እንዳይሆን ጠረጠረና ለቃለ መጠይቅ ጠራት። ካላመኗት ነገሩ ሁሉ እንደገና ከሀ ይጀመራል።

እንቅልፍ እንደወሰዳት የቢሮው በር ተከፈተ። ሠራተኞቹ ዶሴያቸውን በብብታቸው ይዘው ወጡና ፀሐይ ላይ፣ በእሷ ፊት ተሰለፉ። ማኅተሙ በእሷ እጅ ነው። ከፊት የቆመው ባለ ከረባት ሰው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

«እመቤቴ፣ ቀጠሮዬ ዛሬ ነው። ከባለቤቴ ጋር አንድ ቤት እንድኖር እንዲፈቀድልኝ ነው» አለ።

«ማስረጃ?»

የሠርጉን ፎቶ ሰጣት። ሰውየውም ሚስቱም ጥርሳቸው እስኪቆጠር ይስቃሉ። ትርንጎ ፎቶውን ማይክሮስኮፕ ሥር አስገብታ አየች። ደግማ አየች።

«እዚህ ውስጥ አንዲት እንባ የለችም።»

«ደስ ብሎን ነበር፣ እመቤቴ።»

«ደስ ያለው ሰው ይስቃል እንዴ? ይኼ ጋብቻ ያጠራጥራል።»

ሰውየው ደነገጠ። ከኋላው ከተሰለፈችው ጸሐፊ ሽንኩርት ተበደረና ዓይኑን አሸ። ትርንጎ የወረደውን እንባ በመስታወት ተቀብላ መረመረችው።

«የሽንኩርት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ንጹሕ ናሙና ይዘው ይምጡ።»

አመስግኖ ሄደ።

አግዳሚው እሷን እንደያዘ ተነሣና ደብረ ታቦር፣ አባቷ ቤት ውስጥ ቆመ። ሦስት የኤምባሲ ሹማምንት ከሙሉ ልብሳቸው ላይ ጋቢ ደርበው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ቪዛ ራሱ ግቢው ጥግ፣ ዋንዛው ሥር አንገቱን ደፍቶ ያፍራል።

«ግቡ፣ ተቀመጡ እንጂ» አሉ አባቷ፣ አቶ ምሕረቴ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ ትልቁ ሹም። «ልጃችን ቪዛ ልጅዎን ወዷል። ይስጡን ብለን መጣን።»

«ልጁ ምን ይሠራል?»

«ፓስፖርት ላይ ይቀመጣል።»

«ይጠጣል?»

«ከቀለም በቀር ምንም አይቀምስም።»

«ደግ። ዘሩን ቁጠሩልኝ፣ እስከ ሰባት ቤት።»

ሹሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቪዛ የማኅተም ልጅ። ማኅተም የፊርማ ልጅ። ፊርማ የዶሴ ልጅ። ዶሴ የቀጠሮ ልጅ...»

«ቆይ» አሉ አባቷ። «ቀጠሮ ነው ያልከው? ያ ሌላ ጊዜ ተመለሱ የሚለው?»

«እሱ ራሱ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያ ዘመዳሞች ናቸው። ይቺ ልጅ ከተዳረች ጀምሮ የኖረችው ቀጠሮ ቤት ነው። አይጋቡም።»

ትርንጎ ከመጋረጃው ጀርባ «አባዬ፣ ተው» ልትል አፏን ከፈተች። ድምፅዋ ወረቀት ሆኖ ወጣ፤ ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት። ሹማምንቱ ተያዩ።

«ሌላ ቀን ብንመለስስ?»

«ተመለሱ። እኔም እስከዚያ ጎረቤት ላማክር» አሉ አባቷ፤ ደስ ያላቸው ይመስላሉ።

ትርንጎ እየሮጠች ወጣች። ግቢው የሚያልቀው አንድ ቦይ ላይ ነው። ከቦዩ ማዶ ገረመው የሾፌር ልብሱን ለብሶ ቆሟል። አውቶቡሱን ተሳፋሪዎቹ በየተራ ይነዱታል፤ እሱ ትኬት ቆርጦ ተራውን ይጠብቃል።

«ዝለዪ» አላት።

መነጽር ያደረገች ዶሮ መንገዱን ዘጋች። «ይወድሻል?»

«ይወደኛል።»

«በምን አወቅሽ?»

«ሲደውል ራት እየበላ ነው። ስልኩን ሳህኑ አጠገብ ያቆመዋል። እኔም የእኔን ሳህን አቀርባለሁ። ወጡ ጨው ሲበዛበት ግንባሩን አይቼ አውቃለሁ።»

«ፎቶ አለው?»

«የለውም። ማንም አላነሣንም።»

ዶሮዋ ጥቂት አሰበች፤ እንቁላል ጣለች፤ እንቁላሉን አገላብጣ አየችው።

«እለፊ» አለች።

ያኔ አግዳሚው ተከትሏት መጥቶ ከሥሯ ገባና እሷን ይዞ ወደ ላይ ተነሣ። «ቀስ፣ በእግሯ በኩል ከፍ አድርጉ» የሚል ድምፅ ሰማች። «አትወዝውዟት» አለ ሌላው። ቦዩን ተሻገረች። ገረመው እጁን ዘረጋላት። ጣቱ ጣቷን ሊነካ ሲል ነቃች።

አግዳሚው እውነትም አየር ላይ ነበር። ከፊት ሁለት የማታውቃቸው ወጣቶች፣ ከኋላ የግቢው ዘበኛና አንድ ወፍራም ሰውዬ ተሸክመዋታል። እትዬ ዘነበች ከፊት ከፊት በጃንጥላቸው መንገድ ያስለቅቃሉ።

«አስቀምጧት፣ ነቃች» አሉ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?»

«ሰልፉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እናስጠጋሻለን፤ ሌላ ምን እናደርጋለን? ልቀሰቅስሽ ብዬ ነበር፤ በእንቅልፍሽ ስትስቂ ባይ ሆዴ እንቢ አለኝ።»

ዘበኛው ላቡን ጠረገ። «በሠርግሽ ዕለት እንኳ እንዲህ የተሸከመሽ ያለ አይመስለኝም፣ እኅቴ።»

ስሟ ተጠራ። መስኮቱ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበር። ተነሥታ ልታመሰግናቸው ዞረች። ወደ መስኮቱ ስትመለስ እንባዋ በጉንጮቿ ላይ ይወርድ ነበር።

ከመስታወቱ ጀርባ የተቀመጠው ሰው የሠርጓን ፎቶ በእጁ ይዟል። ጥያቄውን ከወረቀቱ ሊያነብ ጀምሮ ተወው።

«ምን ሆነው ነው የሚያለቅሱት?» አላት በተሰባበረ አማርኛ።

«ደስ ብሎኝ ነው» አለች።

ሰውየው ፎቶውን አየ። እሷን አየ። ከኋላዋ የቆሙትን አየና ፎቶውን ደግሞ አየው።

«ይቀመጡ» አለ በመጨረሻ።

መስኮቱ ጋ ወንበር አልነበረም። እነ እትዬ ዘነበች አግዳሚውን እንደገና አነሡት።