የከዋክብቱ ኬላ

ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይቅርታ የምጠይቀው ስላጠፋሁ አይደለም፤ ላጠፋ ስለተነሣሁ ነው። ከደብረ ብርሃን ወጥቶ ጎረቤላ ደርሶ ለመመለስ ስለት በሚያስፈልግበት በዚህ ዘመን፣ አንድ ትልቅ ሰው ተቀምጦ ስለ ከዋክብት ሲያወራ መስማት ለጆሮም ለኅሊናም እንደሚከብድ አውቃለሁ። የሚረግጣት መሬት ያላረፈችለት ሰው ሰማይ ምን ያደርግለታል? ቢሆንም ነገሩን ለብቻዬ ይዤው ከረምኩና ከበደኝ። ሸክም ሲከብድ ለሁለት ይያዛል። እስቲ ያዙልኝ።

በእኛ አገር መጻፍ የፈለገ ሰው የጊዜ ችግር አለበት። ጊዜ አጥቶ እንዳይመስላችሁ፤ የሚቸግረው የትኛውን ጊዜ እንደሚጽፍ ነው። ስላለፈው ቢጽፍ «ታሪካችንን አጣመምክ» የሚል ከወዲህም ከወዲያም ይነሣበታል። ስላሁኑ ቢጽፍ «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ይባላል፤ የሚፈለግበት ጥያቄ ደግሞ መልሱ ሳይጠየቅ ያለቀ ነው። የቀረው ስለሚመጣው መጻፍ ነው። የሚመጣውን ያየ የለም፤ ያላየውን ደግሞ ማን ይከሰዋል? እኔ እንዲህ ይመስለኝ ነበር። አትፍረዱብኝ። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ የማውቀው ቦታን እንጂ ጊዜን አይደለም።

ጋሽ ወንድይፍራው ልብስ ሰፊ ናቸው። ልጅ ሳሉ ጎረቤላ አጠገብ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠው ግዕዝ ቀምሰዋል፤ ጎልምሰው ወታደር ሆነው መገናኛ ሬዲዮ ተሸክመዋል፤ አሁን እኔ ከምኖርበት ግቢ ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል ሱቅ ውስጥ የወታደር ካፖርት እየገለበጡ የሲቪል ያደርጋሉ። የደብረ ብርሃንን ብርድ የሚያውቅ ሰው በዚህ ሙያ አይስቅም። ከተማችን ውስጥ ሰላማዊ ለመሆንም ካፖርት ያስፈልጋል። ኮሌታውን በበግ ለምድ ሲለብጡት ደግሞ የለበሰው ሰው ከአንገቱ በላይ የዋህ ይመስላል።

አንድ ልጅ አላቸው፤ ቢተው ይባላል። ትምህርቱን ተወ፣ ስፌቱን ተወ፣ በኋላ ጠመንጃ ያዘና እሱን አልተወም። አንድ ኬላ ላይ ቆሟል። የማን ኬላ እንደሆነ አልናገርም። ስለፈራሁ ብቻ አይደለም፤ ኬላው ቦታውን ሳይለቅ ባለቤቱን ስለሚቀያይር፣ እኔ ጽፌ እናንተ እስክታነቡ ድረስ ውሸታም መሆኔ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሱቁ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ወይዘሮ የሺ መጣች። ከወለጋ ተፈናቅላ መጥታ መጠለያው ውስጥ ልጆች ይዛ የምትኖር፣ ገበያ ዳር ድንች የምትሸጥ ሴት ናት። ያመጣችው የልጆቿን ልብስ ለማስጠገን ነው፤ ጥቁር መልበሷን አይተን ጠየቅናት።

«ባለቤቴ ነዋ» አለች። «ቆላ ዘመድ ጋ ሄዶ ታመመብኝ። ሐኪም ቤት ላደርሰው በጭነት መኪና ስናመጣው ኬላው ላይ ወርዳችሁ ጠብቁ አሉን። አንደኛው ልጅ ግን ጨዋ ነው፤ አልተሳደበም። ኮሌታው የበግ ለምድ የሆነ ካፖርት ለብሷል። ‹እናቴ፣ ብርድ ነው፤ የሻይ የላችሁም?› አለኝ። ከየት ይኑረን! ፀሐይ ከዚህ እዚያ ሄደች፤ ቁጭ ብለናል። በስተመጨረሻ እሱው ገመዱን አወረደልን። አለፍን። ብዙም ሳንሄድ ባለቤቴ አረፈ።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«ክር ተበጠሰ?» አልኳቸው። ጋሽ ወንድይፍራው ጎንበስ ብለው መርፌውን ነካኩ። እኔም ክር ነው ብዬ ተውኩት።

በዚያው ሰሞን ልቦለድ መጻፍ ጀመሩ።

ልቦለዱ የጦር ነው፣ የሰማይም ነው። የብርሃን ዳርቻ ከሚያልቅበት፣ ከዚያ ወዲያ ስም ከሌለው ጨለማ አፋፍ ላይ አንድ ኬላ አለ። ዐሥራ ሁለት ጦረኞች ብረት ለብሰው፣ እስትንፋሳቸውን በጀርባቸው አዝለው ይጠብቁታል። የማሉት መሐላ አንድ ነው፤ ከጨለማው ምንም እንዳያልፍ። የሰማይ መርከቦች ሲመጡ የብርሃን ገመድ ያወርዳሉ፣ ያነሣሉ። ከሁሉ የሚከፋው ግን ብርዱ ነው። ጋሽ ወንድይፍራው ጠፈርን ሲገልጹ ከብርድ ይጀምራሉ፤ እሳቸው ጣርማ በር ላይ ዘብ ያደሩ ሰው ስለሆኑ ከዚያ የባሰ ነገር ሰማይም ላይ ይኖራል ብለው አያምኑም። በብረቱ ላይ ጋቢ ደርበዋል።

እኔ ያን ጊዜ የልቦለዱ አራሚ ተደርጌ ተሹሜ ነበር። በአንድ ወቅት የትምህርት ቤታችንን መጽሔት ስላዘጋጀሁ ሥነ ጽሑፍ እንደማውቅ ይታመናል፤ ይህን እምነት ለማፍረስ ያደረግኩት ጥረት የለም።

«ጋሼ፣ ጠፈር ላይ ጋቢ?» አልኳቸው።

«ብርድ ነው አላልኩህም?»

ነው። አለፍኩት።

ጨለማው ኬላውን በጦርነት አልገጠመውም። በሙቀት ነው የመጣው። አንዱ ጦረኛ አንድ መርከብ ያለ ምክንያት አቁሞ ባቆየ ቁጥር መዳፉ ትንሽ ይሞቃል። ከብርዱ ብዛት የተነሣ ማንም ሙቀቱ ከየት መጣ ብሎ አይጠይቅም። ከዚያ ሁለት መርከብ ያቆማል። ጨለማውም በጆሮው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይለዋል። ይህን የሸዋ ተረት የጠፈር ጨለማ ከየት አወቀው ብዬ ስጠይቃቸው «ከእኛ በፊት እዚያ ነበረ» አሉኝ። ሙቀቱ ከመዳፍ ወደ ክንድ ይወጣል። የሞቀው ቦታ ሁሉ ግን ከሥር መበስበስ ጀምሯል፤ ጦረኛው ሲሞቀው ጊዜ መሽተቱን አያውቅም። ለዚህ ነገር ጋሽ ወንድይፍራው የሰጡት ስም ሙስና ነው።

እዚህ ላይ አራሚነቴ ነቃ። «ጋሼ፣ ይሄ ቃል ሰው ያሳስታል» አልኩ። «ሙስና ማለት ጉቦ ነው። ስብሰባ ላይ የሚወገዘው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «መምህር፣ እኔ ከየኔታ የተማርኩት ሌላ ነው። ሙስና መቃብርን አጥፍቶ ተነሣ ሲባል ጌታ ጉቦ አጠፋ ማለት ነው? መበስበስ ነው። ሥጋ በመቃብር የሚሆነውን መሆን ነው።»

«ታዲያ ከጉቦ በምን ይለያል?»

«ጉቦን ሰው ይበላዋል። ሙስና ሰውን ይበላዋል።»

ቃሉን ተውኩላቸው። ነገር ግን ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ አልተሸነፍኩም። ከጦረኞቹ ሁሉ ታናሹ፣ አንደበቱ የጣፈጠው፣ ሕመምተኛ የጫነ መርከብ አቁሞ ያቆያል። በመጨረሻ ያሳልፈዋል፤ ሕመምተኛውም ካለፈ በኋላ ይሞታል። ይህ ለአንባቢ አይመችም አልኳቸው። ሰው የሚሞት ከሆነ ደጃፉ ላይ፣ ገመዱ ሥር፣ ጦረኛው እያየው ይሙት እንጂ አልፎ ሄዶ የሚሞት ሰው ምን ልብ ይሰብራል? ብዙ አሰቡ። «ይሁን» አሉ። አዛወሩት።

«ለመሆኑ ይህን ማን እንዲያነበው ነው?» አልኩ፣ ድካማቸው አሳዝኖኝ።

መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስተካክለው አስቀመጡት። «ያን ዓይነት ኮሌታ ለስንት ሰው ሰፍቻለሁ መሰለህ» አሉ። «ለስንቱ! ገበያው ሙሉ ነው። አንድ ሰው ብቻ ያንብብልኝ። አንብቦ እንደማንኛውም ሰው ‹ጉድ ነው፣ ምን ዓይነት አረመኔ ነው› ካለ፣ የእኔ ልጅ አይደለም ማለት ነው። ያን ቀን እተኛለሁ።»

ክሩ ምን እንደነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ዘግይቶ የሚገባው ሰው ነኝ ብያችኋለሁ። ካላልኳችሁም አሁን ብያለሁ።

ልቦለዱ ያለ መጨረሻው ምዕራፍ በፎቶ ኮፒ ተባዛ። አንዱ ቅጂ በጭነት መኪና ወደ ቢተው ተላከ፤ የቀረው ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። እንደ ፈራነው ሁሉም በቃሉ ተሳሳተ። ከተማው «ስለ ኬላው ጉቦ የተጻፈ መጽሐፍ» አለው። አንደኛው ወገን «የእነዚያን ጉድ አወጣላቸው» ብሎ ሳቀ። የእነዚያም ወገን «የእነዚያን ጉድ አወጣላቸው» ብሎ ሳቀ። በልቦለድ ሁለት ወገን አስማምቶ ያሳቀ ደራሲ በእኛ አውራጃ ከጋሽ ወንድይፍራው በፊት ስለመኖሩ አላውቅም። ከዚያ አንድ ጽሕፈት ቤት እሳቸውንም እኔንም ጠራን።

ኃላፊው ትሑት ሰው ነው። ወንበር አስመጣልን።

«አባት፣ ይህ ኬላ የት ነው የሚገኘው?»

«ከብርሃን ዳርቻ ወዲያ።»

«ገባኝ። በየትኛው ወረዳ?»

«ወረዳ የለውም ጌታዬ። በከዋክብት መካከል ነው።»

«እንግዲያው ተጠሪነቱ ለማን ነው?»

ጋሽ ወንድይፍራው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ፤ በአቅጣጫ ደረጃ ትክክለኛው መልስ እሱ ነበር። ኃላፊው መጽሐፉን እንደወደደው፣ ለትምህርት እንደሚጠቅም፣ ሁለት ጥቃቅን ማስተካከያዎች ብቻ ቢደረጉ እንደሚበረታታ ነገረን። አንደኛ፣ የሚበሰብሱት ጦረኞች ከጎረቤት ኮከብ የመጡ ቢሆኑ። ሁለተኛ፣ «ሙስና» የሚለው ቃል በሁሉም ቦታ «የአሠራር ክፍተት» በሚለው ቢተካ። በሰላም አሰናበተን። ስንወጣ ጋሽ ወንድይፍራው «የአሠራር ክፍተትን አጥፍቶ ተነሣ» ብለው ለራሳቸው ሲያጉረመርሙ ሰማሁ፤ ካህን አለመሆኔን አመሰገንኩ።

ቢተው በአንድ ቅዳሜ ፈቃድ ይዞ መጣ። አንድ ጆንያ ከሰል ከትከሻው አውርዶ «ለብርዱ ነው አባዬ» አለና አባቱን ሳመ። ረጅም፣ ቆንጆ፣ ሲስቅ ጉንጩ የሚሰረጎድ ልጅ ነው። አጠገቤ ተቀምጦ «መምህር፣ እርስዎ ነዎት አሉ ያረሙት፤ እጅዎ ይባረክ» አለኝ። ጨዋ ነው። እናት በሥርዓት ያሳደገችው ይመስላል።

«አነበብከው?» አሉ አባቱ፤ ዓይናቸው መርፌው ላይ ነው።

«ምን ማንበብ! ጓዶቼ ተራ ይዘውለታል። ያ ጆሮ ጠቢው ጦረኛ የኛ ምድብ መሪ ነው፤ እሱን አይተህ ነው የጻፍከው ብለው በሳቅ ሞቱ። ሌላው ደግሞ ምግብ ቤት የሚሠራው… አባዬ፣ ሰዉን ሁሉ እንዴት አወቅከው?»

«ታናሹስ? ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ያለው?»

«እሱ አሳዝኖኛል» አለ። «የታዘዘውን ነው የሚሠራ። እሱ ላይ ግን ተሳስተሃል አባዬ፣ አትቆጣኝና። ሰውዬው ኬላው ላይ አይሞትም። ኬላው ላይ ከሞተ በልጁ ላይ ይቆጠርበታል። ካለፈ በኋላ ነው የሞተው፤ ከባሕር ዛፎቹ ጋ ሲደርሱ። አስተካክለው።»

የልቦለዱ አራሚ እኔ ነኝ። በልቦለዱ ውስጥ አንድም ባሕር ዛፍ የለም።

መኪናው ሲሰፋ ቆየ። ጨርቅ ሥሩ እንደሌለ ያየሁት በኋላ ነው፤ መርፌው ባዶውን ይወጋል።

«ጊዜ አለህ?» አሉ አባቱ በመጨረሻ።

«እስከ ከሰዓት አለኝ።»

«እንግዲያው ቁጭ በል። ሳታነብ የምታርም አንዲት አራሚ አለችኝ። ከገበያ ስትመለስ ታልፋለች። እሷ ትየው።»

ቁጭ አለ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ለአንድ ጊዜ በሰዓቱ ገብቶኛል። ዓይኗን እንዲያይ ነው። እንድትረግመው ነው። መውጣት ነበረብኝ፤ አልወጣሁም። ሰው እሳት ሲነሣ ውኃ ባይዝም ቆሞ ያያል።

ወይዘሮ የሺ ባዶ ዘንቢሏን ይዛ ብቅ አለች። «እንደምን ዋላችሁ» አለችና ከበሩ ሳትገባ ቀረች። ልጁን አየችው። ኮሌታውን አየችው። ቢተው አንገቱን ደፋ፤ ጆሮው ቀልቷል። ጋሽ ወንድይፍራው መነጽራቸውን አውልቀው እንደ ተከሳሽ ቆሙ።

«እንዴ! ያ ጨዋው ልጅ!» አለች።

ገብታ ትከሻውን ሳመችው።

«አንተ ነህ አይደል ገመዱን ያወረድክልን? እግዜር ያሳድግህ ልጄ። ሌሎቹማ እዚያው ሊያሳድሩን ነበር። ባለቤቴ በሰው አገር ቆሻሻ ላይ ወድቆ ከሚሞት በእኔ ጭን ላይ አረፈ፤ በአንተ ነው። ከወለጋ ስንመጣ ያየነውን ብታይ! ‹እናቴ› ብሎ የጠራኝ አንተ ብቻ ነህ።» ወደ አባቱ ዞረች። «ጋሼ፣ የእርስዎ ልጅ ነው? ምነው ሳይነግሩኝ! ተባርከዋል እኮ!»

ቢተው አንገቱን ቀና አደረገ። ቀስ በቀስ ነው ቀና ያለው። ጆሮው ወደ መልኩ ተመለሰ፤ ጉንጩ ተሰረጎደ።

«አየህ አባዬ?» አለ።

ዘንቢሏን ተሸክሞ እስከ መንገድ ሸኛት። ከዚያ ወደ ኬላው ሄደ፤ በፊት ከመጣበት ይልቅ ቀጥ ብሎ።

ጋሽ ወንድይፍራው ብዙ ጊዜ በሩን ሲያዩ ቆዩና «መምህር» አሉኝ፤ «ሰው ልጁን ከዩኒቨርሲቲ ያስመርቃል። እኔም እንግዲህ ልጄን አስመረቅኩ።»

የመጨረሻው ምዕራፍ አልተጻፈም። ሐሳባቸው ታናሹ ጦረኛ ያቆማቸውን ሰዎች እርግማን ሰምቶ፣ ከሙቀቱ ነቅቶ፣ ገመዱን ጥሎ እንዲመለስ ነበር። «ምርቃት ይመጣል ብዬ አላሰብኩም» አሉ። «በእርግማን ማንቃት አውቃለሁ። የተመረቀን ሰው በምን ያነቁታል?» እኔ አራሚ ነኝ፤ የሌለ ነገር አላርምም። ዘጠነኛውን ምዕራፍ ግን አርሜዋለሁ። አሁን ሕመምተኛው የሚሞተው ካለፈ በኋላ ነው፤ ልጁ እንዳለው።

እንግዲህ አደራ፣ ይህን ለማንም አትድገሙት። ኬላውን ፈርቼ አይደለም፤ እሱንም እፈራለሁ፣ እሱ ሌላ ነው። አንዳችሁ ለሌላ ሰው ያወራችሁት እንደሆነ፣ ሰሚው እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ አገጩን አሽቶ፣ «ታዲያ ልጁ ምን አጠፋ? አሳልፏቸዋል እኮ» ማለቱ አይቀርም። እሱን መስማት አልፈልግም። እዚሁ ይቅር።